ፐርዝ ሄዷል በይ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሜልበርን፣ ክሬጊበርን በሚባል ሰፈር፣ የአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ልደት ላይ ተጠርቼ ነበር። ልጆቹ ጓሮ ውስጥ ሲሯሯጡ ቆይተው ጉሮሯቸው ደርቆ ሲመጡ፣ አያትየዋ በትልቅ ጆግ የበጠበጡትን የብርቱካን ኮርዲያል በትናንሽ የፕላስቲክ ኩባያዎች እየቀዱ ያድሉ ጀመር። ለእኔም አንድ ደረሰኝ። ገና ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው መልሼ አራቅሁት። ስኳርና ብርቱካን ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ሰው ሳያየኝ ጽጌረዳው ሥር ደፋሁትና "እትዬ፣ በጣም ይጣፍጣል" አልኳቸው። ውሸት ከልጅነቴ ጀምሮ አይከብደኝም።

ያንን ሽታ የለመድኩት ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። ያኔ ሰንሻይን ዌስት የሚባል ሰፈር፣ ከመጋዘኖቹ አጥር ጀርባ ባለች ትንሽ ቤት ከእናቴ ጋር ለሁለት እንኖር ነበር። እናቴ ወይንሸት አረጋውያን መንከባከቢያ ነበር የምትሠራው። የጠዋት ሺፍቷ ገና ሳይነጋ ስለሚጀምር እኔ ስነቃ የለችም። ፍሪጁ ላይ "ምሳሽን እንዳትረሺ፣ በሩን ቆልፊ" የሚል ወረቀት ለጥፋልኝ ትሄዳለች። ከሥራ ስትመለስ ደግሞ እግሯን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ እዚያው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። እሷ በአማርኛ ትጠይቀኛለች፣ እኔ በእንግሊዝኛ "ጉድ" ብዬ እመልሳለሁ፣ ወሬያችን በዚያው ያልቃል።

ብቸኛ ልጅ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ጓደኛዬ የምላት አንዲት ልጅ ነበረች፤ እሷም ሰፈር ቀየረች። ከዚያ በኋላ በምሳ ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የጫማዬን ማሰሪያ እፈታና መልሼ አስር ነበር። ሥራ ያለው ሰው ለመምሰል ነው።

አንድ የካቲት እሑድ አጎቴ መስፍን የስፖርት ቦርሳ አንጠልጥሎ መጣ። የእናቴ የመጨረሻ ታናሽ ወንድም ነው። ጋራዡን ጠርገን ምንጣፍ አነጠፍንለት፤ አልጋውን እኔና እሱ፣ ጎረቤት አልፈልግም ብሎ መንገድ ዳር ካወጣው ዕቃ መሀል አግኝተን እየጎተትን አመጣነው። እናቴን "የት ነበር እስከ ዛሬ?" ብዬ ስጠይቃት "ታሞ ነበር። አሁን ደኅና ነው፣ መድኃኒቱን እየወሰደ ነው" አለችኝ። በሚቀጥለው ጠዋት ግንባሩን በመዳፌ ነካሁት። ትኩሳት የለውም። እውነቷን ነው፣ ድኗል አልኩ።

መስፊ ነበር የምለው። ክንዱ ላይ ትናንሽ የጠቋቆሩ ጠባሳዎች ነበሩበት። "ምን ነክሶህ ነው?" ስለው "ትንኝ" አለኝ። የሜልበርን ትንኝ እኛን ትቶ እሱን ብቻ ለምን እንደሚወድ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ደሙ ጣፋጭ ቢሆን ነው ብዬ ለራሴ መለስኩ። ፀጉሬን ሲያስርልኝ አንዱ ወገን ወደ ላይ፣ አንዱ ወገን ወደ ታች ይሆናል፤ ሳንድዊች ሲሠራልኝ ግን ዳር ዳሩን ይቆርጥልኛል። እናቴ "ዳቦ ማባከን" ትለዋለች። እኔ ግን ምሳ ዕቃዬን ከፍቼ የተከረከመውን ዳቦ ባየሁ ቁጥር አንድ ሰው ስለ እኔ አስቦ እንደዋለ ይሰማኝ ነበር።

ትምህርት ቤት የምንሄደው በእግራችን ነው። መንገዳችን ላይ ፋርማሲ አለ፣ እዚህ አገር ኬሚስት ነው የሚሉት። መስፊ በየጠዋቱ እዚያ ይገባል፤ እኔም አብሬው። ከኋላ በኩል፣ የፀሐይ ቅባቱና የሕፃናት ዳይፐሩ ከተደረደረበት አልፎ፣ አጭር ሰልፍ አለ። አንድ ውሻ የሚያስከትል ሽማግሌ፣ የቢሮ ልብስ የለበሰች ቀጭን ሴት፣ የግንበኛ ቦት ጫማ ያደረገ ጎረምሳ። ማንም ማንንም አያይም። ተራው ሲደርስ ሊን የምትባል፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ፋርማሲስት በትንሽ ኩባያ ብርቱካን የሚሸት ነገር ትሰጠዋለች። አንገቱን ቀና አድርጎ ይጨልጠዋል። ከዚያ በሌላ ኩባያ ውኃ ትሰጠዋለች።

እኔ ደግሞ ቁርባን አውቃለሁ። ባዶ ሆድ ነው፤ ሰልፍ ነው፤ የሚሰጠው በትንሹ ነው፤ ከላዩ ውኃ ይጠጣል፤ ከዚያ አፍ በነጠላ ይሸፈናል፣ አይወራም፣ አይተፋም። መስፊ ቁርስ ሳይበላ ነው የሚሄደው፤ ይሰለፋል፤ በትንሽ ኩባያ ይሰጡታል፤ ውኃ ይጠጣል። ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ያልገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሊን ውኃውን ገና ዋጥ ከማድረጉ በወሬ ትይዘዋለች። "ትናንት ምን አበሰላችሁ?" ትለዋለች፤ እሱ ፉትስክሬይ አንድ ምግብ ቤት ሳህን ያጥብ ነበር። "በግ" ይላታል። "ከምን ጋር?" "ከሩዝ ጋር።" የሚጠጣው ሜታዶን የሚባል የሄሮይን ሱስ ማስታገሻ መሆኑን፣ የምታስወራውም አፉ ውስጥ ደብቆ እንዳይወጣ እንደሆነ ያወቅሁት አድጌ ነው። ያኔ ሊን ስለ ምግብ ወሬ የምትወድ፣ ግን ሥርዓት የማታውቅ ሴት ነበረች።

አንድ ቀን አላስቻለኝም። ከበሩ እንደወጣን "መስፊ፣ ቆርቦ አይወራም እኮ!" አልኩት።

ቆም ብሎ አየኝ። ከዚያ እስኪያስለው ሳቀ። "እውነትሽን ነው ሪዲዬ። ታዲያ አፌን በምን ልሸፍን?"

ረድኤት ነው ስሜ፤ ሪዲ የሚለኝ እሱ ነው፣ ኋላ ሁሉም ለመዱት። የአንገት ልብሴን አውልቄ ሰጠሁት። አፉና አፍንጫው ላይ ጠምጥሞት እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሸኘኝ። ልጆቹ ሁሉ አዩን። እኔ ግን ኮርቼ ነበር፣ ከእኛ ትምህርት ቤት በየቀኑ የሚቆርብ አጎት ያላት እኔ ብቻ ነኝ።

እንደዚያ ስድስት ወር ኖርን። መስፊ ፊቱ ሞላ፤ የቀበቶውን ቀዳዳ ሁለት አላላ። የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ለማውጣት መጽሐፍ ገዝቶ ማታ ማታ እኔ እየጠየቅሁት ያጠና ነበር። ሲሳሳት ጆሮውን እቆነጥጣለሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ደስ ብሎኝ የኖርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሐምሌ ላይ የማርያም ማኅበር ተራ የእናቴ ሆነ። ሳሎናችን በሴቶች ሞላ። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ወሬው ሞቅ ባለበት ሰዓት እትዬ ብርቄ ወደ እኔ ዞሩ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው፤ ሰው ያከብራቸዋል፣ ትንሽም ይፈራቸዋል።

"ሪዲዬ፣ ዘንድሮ ፍልሰታን ትጾሚያለሽ?"

"አዎ። እቆርባለሁም።"

"ጎሽ የኔ ልጅ! ከቤታችሁ ሌላ ማን ይቆርባል?"

"መስፊ። እሱማ በየቀኑ ነው የሚቆርበው።"

ሳቁ። እትዬ ብርቄም ሳቁ። "በየቀኑ! የት ተገኝቶ?"

"ኬሚስት ቤት። ተሰልፎ ነው የሚወስደው። በትንሽ ኩባያ ይሰጡታል፣ ከላዩ ውኃ ይጠጣል።"

ሳቁ በአንዴ አልቆመም። ከዳር ጀምሮ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። እነዚያ ሴቶች ሁሉ ፉትስክሬይ ባቡር ጣቢያ በር ላይ የሚያንቀላፉትን ልጆች ያውቃሉ፤ የእኛም ልጆች እንዳሉባቸው ያውቃሉ፤ ኩባያውንም ያውቃሉ። እናቴ ትሪ እንደያዘች መሀል ላይ ቆማ "ልጅ ናት እኮ፣ ለጉሮሮው የሚወስደው ሽሮፕ ነው" አለች። ማንም "ምን ሆነ ጉሮሮው?" ብሎ አልጠየቃትም። አንዷ ቦርሳዋን ወደ ጭኗ አስጠጋች። እኔ ምን እንዳጠፋሁ ባይገባኝም ማጥፋቴ ገባኝ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ እናቴ የታጠቡትን ብርጭቆዎች እንደገና ታጥብ ጀመር። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልመታችኝም። እጇን አደራርቃ መጥታ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለች።

"ከእንግዲህ ስለ መስፍን ለማንም፣ ለማንም አንዲት ቃል አትተነፍሺም። ሰው፣ አስተማሪ፣ ቄስ፣ ማንም ቢሆን። በማርያም ማዪ።"

"በማርያም" አልኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ እትዬ ብርቄ ብቻቸውን መጡ። ሊያሙ አልመጡም፤ የእናቴን እጅ ይዘው አብረዋት አለቀሱ። "ስንቱ በጸበል ሲድን አይቻለሁ ወይንዬ። ፍልሰታም ደርሷል። ቤትሽ ውስጥ ሱባኤ አስገቢው፤ ሰው አይወቅ፣ ጸበሉን እየጠጣ፣ እየተረጨ ይቀመጥ። የጠላትን ነገር በጠላት ነገር ማስታመም ደግሞ ምን ይሉታል?" ኩባያውን ማለታቸው ነበር።

የዚያን ቀን እናቴና መስፊ ጋራዡ ውስጥ ሲነጋገሩ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሆኜ ሰማሁ።

"ሐኪሙ ቀስ በቀስ ነው የምትቀንሰው ብሎኛል።"

"ስንት ጊዜ?"

"ዓመት… ሁለት ዓመት።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ተሰለፍ! የእኔን ፊት ግን የት ላድርገው መስፍኔ? ትናንት ገበያ ላይ የማኅበሩ ሴቶች አይተውኝ መንገድ ቀየሩ እኮ።"

"እኔም ሰልችቶኛል" አለ መስፊ። "እንደ ታሰረ ከብት በየጠዋቱ… እሺ። ስላንቺ ስል እሺ።"

ለሰው ሁሉ መስፍን ፐርዝ ማዕድን ማውጫ ሥራ አግኝቶ ሄደ ተባለ። እናቴ ለምግብ ቤቱም ደውላ እንደዚያው አለች። ለእኔም "የጠየቀሽ ካለ ፐርዝ ሄዷል በይ" ብላ አስጠናችኝ። ከዚያ ጸበል ልንቀዳ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። መጋዘን የነበረ ሕንጻ ነው፤ ግድግዳው ላይ የጭነት ማውረጃው ቁጥር አሁንም ይነበብ ነበር። በሦስት ሊትር የወተት ፕላስቲኮች ስድስት ሞላን። ቄሱ ባርከው ሲጨርሱ እናቴን "ለታመመ ሰው ነው?" አሏት።

"አዎ አባቴ።"

"የሐኪም መድኃኒት ይወስዳል? ከወሰደ እንዳያቋርጥ። ጸበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር ነው።"

"አይ፣ ምንም አይወስድም" አለች እናቴ።

ቀና ብዬ አየኋት። እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ። ለቄስም የሚዋሸው እንደዚህ ነው ማለት ነው ብዬ ተማርኩ።

ፍልሰታ ማክሰኞ ገባ። የሜልበርን ክረምት ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ሲያወሩ ትንፋሽ ይታያል። እናቴ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ማሞቂያ አስገባችለት፣ የማርያምን ሥዕል አልጋው ራስጌ ሰቀለችለት። የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጽሐፉን ይዞ ይጠብቀኛል፤ ያለ ልማዴ ሮጬ ነበር የተመለስኩት። ቤቴ ውስጥ የሚጠብቀኝ ሰው አለ፣ ያውም የትም የማይሄድ። ይህን ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ግን ያን ቀን ሁልጊዜ እንደዚህ ቢታመም ብዬ ተመኘሁ።

ረቡዕ ያዛጋ ጀመር። ያዛጋል፣ ያዛጋል፣ ዓይኑና አፍንጫው ይፈሳል፤ ክንዱ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ቆሟል። እግሩ ራሱን ችሎ ይራገጣል። ይተኛል፣ ይነሣል፣ ሆዱን ይዞ ወደ መጸዳጃ ይሮጣል። እትዬ ብርቄ ጸበሉን እየረጩት "እየለቀቀው ነው! ተመስገን፣ እየለቀቀው ነው!" ይላሉ። እናቴም ግንባሯን መሬት አስነክታ ትሰግዳለች። ሁለቱ ደስ ሲላቸው እኔንም ደስ አለኝ፤ የሚለቀው ነገር በየት በኩል እንደሚወጣ ለማየት አፉን አፉን አይ ነበር።

እነሱ ወደ ቤት ሲገቡ መስፊ በእጁ ጠራኝ። ሹራቡ ላቡን ጠጥቶ ጠቁሯል።

"ሪዲ፣ ነገ ጠዋት በኬሚስቱ ስታልፊ ለሊን ንገሪያት። ታሟል፣ ግን ይመጣል በያት። ቦታዬን ለሌላ እንዳትሰጥብኝ። ይህን ብቻ። እሺ?"

"እሺ።"

"ለማሚ አትንገሪ።"

"እሺ።"

ሐሙስ ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ። ፋርማሲው ጋ ስደርስ ሊን በር ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። እኔን ስታይ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ወደ ውጭ ወጣች። እሷ ከሱቋ ስትወጣ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ከማስበው አጭር ናት።

"አጎትሽ የት ነው? ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ነገ ከመጣ እሰጠዋለሁ፤ ከነገ ካለፈ ግን ሐኪም ሳያየው መስጠት አልችልም። ታሟል?"

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ታሟል፣ ይመጣል፣ ቦታውን አትስጪበት። ሦስት ነገር ነው፣ እንኳን የዘጠኝ ዓመት ልጅ የአራት ዓመት ልጅም አትረሳውም። ግን በማርያም ምያለሁ። እየጾምኩ ነው፤ የጾሙ መጨረሻ ላይ ልቆርብ ነው። ደግሞ ሌላም ነገር ነበር፤ እውነቱን ከተናገርኩ ይድንና ይነሣል፣ ወደ ሳህን ማጠቢያው ይመለሳል፣ እኔም ወደ ባዶ ቤት እመለሳለሁ ብዬ አሰብኩ። ከሁለቱ የትኛው እንደበለጠብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"ፐርዝ ሄዷል" አልኩ። "ሥራ አግኝቶ።"

"ፐርዝ!" ፊቷ በራ። "የመድኃኒት ማዘዣውን እዚያ አዛውሯል? እዚያ የሚሰጠው ፋርማሲ አለ?"

ማዘዣ ማዛወር ምን እንደሆነ አላወቅሁም። "አዎ" አልኩ።

"በጣም ደስ ይላል። ሊን መልካም ዕድል ብላሃለች በዪው" አለችና ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ገባች።

ከሰዓት በኋላ መስፊ ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ "ነገርሻት?" አለኝ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

"ነግሬያታለሁ።"

"ምን አለች?"

"ይማርህ አለች። እጠብቀዋለሁ አለች።"

ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀ። "ተባረኪ" አለኝ። "እንግዲያው ለእናትሽ ስል እስከ ቅዳሜ እችለዋለሁ።" ያን ጊዜ እንኳ መናገር እችል ነበር። አርብ ገና አልነጋም። አልተናገርኩም፤ መጽሐፉን አንሥቼ ስለ ጭነት መኪና ፍሬን ጥያቄ አነብለት ጀመር፣ እሱም ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይመልስልኝ ነበር።

ቅዳሜ እኔና እናቴ ለቅዳሴ ሄድን። ቀኑ ፀሐያማ ነበር። ስንመለስ የጋራዡ በር ወደ ላይ ተከፍቷል። አልጋው ተነጥፏል፣ ብርድ ልብሱ በአራት ታጥፏል፣ የወተት ፕላስቲኮቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያጠፋችውን ስልኳን ስትከፍት አምስት ጊዜ ተደውሎላታል። ሆስፒታል ነበር። ፉትስክሬይ ውስጥ የሕዝብ መጸዳጃ የሚያጸዳ ሰው በሩ አልከፈት ሲለው ሰብሮ ገብቶ አግኝቶታል። ትንፋሹ አልነበረም አሉ። አምቡላንስ ደርሶ በመርፌ መለሰው። ዶክተሩ በአስተርጓሚ እንደነገራት፣ ያለ ሜታዶኑ በቆየባቸው ቀናት ሰውነቱ ሄሮይኑን መቋቋም አቅቶት ነበር፤ ድሮ የሚወስደው መጠን አሁን የሚገድል ሆነበት።

እኔን እትዬ ብርቄ ቤት አስቀምጣኝ ሄደች። እትዬ ብርቄ ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ ይሰጡኛል፣ ከዚያ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘው ሳይቆጥሩበት ይውላሉ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ስሄድ ሊን ጠራችኝ። ፊቷ ገርጥቷል።

"ቅዳሜ ልክ እንደከፈትን መጣ" አለችኝ። "እየተንቀጠቀጠ። አርብ እንኳ ቢመጣ እሰጠው ነበር። ሐኪሙ ጋ ደወልኩ፣ አያነሡም፤ ድንገተኛ ክፍል ሂድ አልኩት። ፋይልህን ዘግቼዋለሁ፣ ፐርዝ ሄደ ብለውኝ አልኩት። ማን አለሽ አለኝ። የእህትህ ልጅ አልኩት።" እዚህ ላይ ከማን ጋር እንደምታወራ ያስታወሰች መሰለኝ፣ ድምፅዋ ወረደ። "ልክ ናት፣ ልሄድ ነበር ብሎኝ ወጣ። ደኅና ነው የኔ ቆንጆ?"

"ደኅና ነው" አልኩ።

ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ምን እንደተማርን አላውቅም። ከትምህርት በኋላ እናቴ ወደ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ከዚያ በቀጥታ ከከተማ ውጭ ወዳለ ማገገሚያ እንደሚወስዱትና ወደ እኛ ቤት እንደማይመለስ መንገድ ላይ ነገረችኝ። ሊን የነገረችኝን ሁሉ ይዤ ገባሁ። እሱም ያውቃል። ስገባ አየኝ፣ እንደ ወትሮው "ሪዲዬ" አለኝ፤ ድምፁ ሻክሯል። ክንዱ ላይ መርፌ ተሰክቶበት በፕላስተር ተለጥፏል። ዛሬ ይናገራል ብዬ በሩ ጋ ቆምኩ። በአንድ በኩል እንዲናገር ፈልጌ ነበር።

እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ቀን ያልተበጠረ ፀጉሯን በሻርፕ ሸፍናለች።

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ መስፍኔ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መድኃኒትህን ያስተውኩህ እኔ ነኝ፣ ይህን አውቃለሁ። ግን ካልቻልክ፣ ከቤት ከወጣህም፣ ለምን ወደ ኬሚስቱ አልሄድክም? ሁለት መንገድ ተሻግሮ እኮ ነው። ለምን እዚያ ሄድክ?"

መስፊ የአንሶላውን ጫፍ በጣቱ ያስተካክል ነበር። ወደ እኔ አላየም።

"ሄጄ ነበር። ዝግ ነበር።"

"ቅዳሜ? ቅዳሜ ዝግ ይሆናል እንዴ?"

"ዝግ ነበር አልኩሽ ወይንዬ።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። በዚያ መንገድ በየቀኑ የማልፈው እኔ ነኝ። "ረድኤት፣ ቅዳሜ አይከፍቱም?"

ያን ጊዜ ነው ያየኝ። አልተቆጣም፣ አልለመነኝም። ወደ አንሶላው ጫፍ ተመልሶ ማስተካከሉን ቀጠለ።

"አይከፍቱም" አልኩ።

እናቴ እንባዋ መጣ። ሊንን ረገመቻት፣ ፋርማሲውን ረገመችው፣ ሰው ሊሞት እነሱ በር ይዘጋሉ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው እያለች አለቀሰች። መስፊ እጇን ይዞ "በቃ፣ በቃ" ይላት ነበር። ከዚያ በሌላው እጁ ወደ አልጋው ጠራኝና ራሴን ዳሰሰኝ፣ ምሳዬን በልቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቆሜ ጠበቅሁ። አንድ ሰው እንዲቆጣኝ፣ በኃይል እንዲቆጣኝ ነበር የምጠብቀው። ነርሷ ገብታ የጉብኝት ሰዓት አልቋል እስክትል ድረስ ማንም አልተቆጣኝም።